ስለ ሽጉጥ ጥይት ልክና ስም

ከዚህ ቀደም በወጡት የመጽሔታችን ዕትሞች ጓደኞቼ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ቡና ተክል፣ ስለ ከዋክብትም ጽፈዋል። እኔ ዘንድሮ የመረጥኩት ርእስ ለአንዳንድ አንባብያን ለተማሪ የማይገባ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን በብዙ ቤት፣ ይልቁንም በገጠር፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ አሮጌ ሽጉጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ እንደሚገኝ፣ ከአጠገቡም ዘሩ የተቀላቀለ ጥይት በጣሳ ተሞልቶ እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም። ስለ ሽጉጡ ታሪክ የሚያወራ ሞልቷል፤ ያ ጥይት በውነት የዚያ ሽጉጥ መሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ያለ ልኩ የተተኮሰ ጥይት አስቀድሞ የሚጎዳው የያዘውን ሰው ነውና ጥያቄው የእጅና የዓይን ጥያቄ ነው። ወላጆቻችንም ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ፣ በዚህ ጉዳይ ያነበብኩትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። የፈጠራዎቹን ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገራችንን ነገር ስጠቅስ ግን ዓ.ም. እላለሁ።

በቋንቋችን ጥይት ስንል ሁሉንም በአንድነት እንጠራለን እንጂ ነገሩ አራት ነው። ከናስ የተሠራው ቀለሃ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ በቀለሃው ቂጥ መካከል የምትገኘው ትንሽ ክብ መለኰሻ፣ በአፉም ላይ የተሰካው አረር ናቸው። ምላጩ ሲሳብ መቺው መለኰሻዋን ይወጋታል፤ እርስዋም እሳት ትተፋለች፤ ባሩዱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነድዶ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው አረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ በኩል ያስወጣዋል። ይህን ያህሉን ሁሉም ሰው በግምት ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የግፊቱን መጠን ነው። በዛሬው ጊዜ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው የሽጉጥ ጥይት፣ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም የሚባለው፣ በውስጡ እስከ 2,350 ባር የሚደርስ ግፊት እንዲኖረው ተፈቅዶለታል። የቤት አውቶሞቢል ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው። እንግዲህ ከጣት ጫፍ በማይበልጥ ቀለሃ ውስጥ ከጎማ አየር ከሺህ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ለቅጽበት ይፈጠራል ማለት ነው። ይህን ኃይል የናሱ ቀለሃ ብቻውን ሊችለው አይችልም። ናስ ለስላሳ ነውና ይለጠጣል፤ ተለጥጦም በዙሪያው ካለው ወፍራም ብረት ጋር ይጣበቅና ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያፈተልክ መክደኛ ይሆናል፤ ግፊቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው። አረሩ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀለሃውም ትንሽ ተሰብስቦ በቀላሉ ይወጣል። ጥይቱ የሚተኛበትን ይህን ብረታማ ክፍል በዚህ ጽሑፍ የጥይት ጓዳ እለዋለሁ። ቀለሃው ለጓዳው ልክ ካልሆነ፣ ሰፍቶት በጎኑ ቢሰነጠቅ ወይም አጥሮት አፉ ያለ ደጋፊ ቢቀር፣ ያ ሁሉ ጋዝ በማይገባው በኩል ይወጣል። በማይገባው በኩል ያለው ደግሞ የተኳሹ እጅና ፊት ነው።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ሰው ሽጉጡን «ዘጠኝ ነው» ይላል፤ ጥይቱንም «የዘጠኝ ነው» ብሎ ይገዛል። ዘጠኝ የሚባሉት ጥይቶች ግን ብዙ ናቸው። በአገራችን እጅ ሊገቡ የሚችሉትን ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው አሁን የጠቀስኩት ፓራቤለም ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሉገር በ1902 ያወጣው ሲሆን ቀለሃው 19 ሚሊሜትር ይረዝማል። ሁለተኛው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የሠራውና በ1908 የወጣው አጭሩ ዘጠኝ ነው፤ የቀለሃው ርዝመት 17 ሚሊሜትር ሲሆን የሚፈቀድለት ግፊት 1,350 ባር ብቻ ነው። ስሙም እንደየአገሩ ይለያያል፤ አሜሪካኖች 380 ይሉታል፣ ጀርመኖች ኩርስ፣ ጣልያኖችም ኮርቶ ይሉታል፤ ሁለቱም ቃላት አጭር ማለት ናቸው። በታሪክ ትምህርታችን የምናውቀው፣ በ1914 አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራየቮ የተገደሉበት የብራውኒንግ ሽጉጥ የሚተኩሰው ይህንኑ አጭሩን ጥይት ነበር። ሦስተኛው ሶቪየቶች በ1951 የተቀበሉት የማካሮቭ ጥይት ነው፤ ቀለሃው 18 ሚሊሜትር፣ ግፊቱም 1,600 ባር ነው።

እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ የርዝመት ብቻ ይመስላል። የማካሮቭ ነገር ግን ከዚህም ያልፋል። የአፈሙዝ ውስጥ ልሙጥ ቧንቧ አይደለም፤ አረሩ እየተሽከረከረ እንዲወጣ የሚያደርጉ የተጠማዘዙ ቦዮች ተቀርጸውበታል። ስለዚህ ስፋቱን በሁለት መንገድ መለካት ይቻላል፤ ከቦይ እስከ ቦይ ወይም በቦዮቹ መካከል ካሉት ጉብታዎች ከአንዱ እስከ ፊት ለፊቱ ጉብታ። የፓራቤለም ዘጠኝነት የሚስማማው ከቦይ እስከ ቦይ ላለው ስፋት ነው፤ ሩሲያኖች ግን የሚለኩት ከጉብታ እስከ ጉብታ ነው። ከዚህ የተነሣ የፓራቤለምና የአጭሩ ዘጠኝ አረር 9.02 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የማካሮቭ አረር 9.27 ሚሊሜትር ነው። የሁሉም ስም ዘጠኝ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ያስታወሰኝ የገበያ ስፍርን ነው፤ የአንዱ ቁና ከሌላው ቁና እንደማይተካከል ሁሉ፣ ቍጥሩ አንድ ሆኖ መለኪያው ሁለት ነበር።

ይህ ጉዳይ የመጻሕፍት ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ ያየሁትን ልጨምር። ባለፈው ክረምት ለአያቴ ወንድም ተዝካር ወደ ገጠር ሄደን ነበር። ሟቹ አርበኛ ስለ ነበሩ በዕለቱ ሽጉጣቸው እንዲተኮስ ቤተ ዘመዱ ተስማማ። ሽጉጡ ከጣልያን መኰንን የተማረከ ቤሬታ ነው፤ ጣልያኖች በ1934 የሠሩት ዓይነት ሲሆን በጎኑ ላይ «ካሊብሮ 9 ኮርቶ» የሚል በላቲን ፊደል ተቀርጾበታል። ጥይቱ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ ጎረቤት ከከተማ የገዛውን ጥይት በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ፤ የማካሮቭ ነበረ። ካዝናው ውስጥ አስገብተው ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ሲለቁት ብረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ቆመ።

ጎረቤቱም «ዝጎ ነው እንጂ ዘጠኝ ለዘጠኝ ምን ይለያየዋል? በመዳፍዎ መታ ቢያደርጉት ይገባል» አለ። ወታደር የነበረው አጎቴ ግን ሽጉጡን ተቀብሎ ካዝናውን አወጣ፤ የተቀረቀረውንም ጥይት በቀስታ አላቅቆ በጠረጴዛው ላይ አቆመው።

አያቴ ከተቀመጡበት ሆነው «ምነው ልጄ፣ ሰው እየጠበቀ አይደል?» ቢሉት፣ «አባባ፣ ይኸ ጥይት የዚህ አይደለም። ቢዘጋ ነው የምፈራው እንጂ ባይዘጋ ደግ ነው» አላቸው። አያቴም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው ይቅር፤ እሱ ለራሱ ተኵሶ ጨርሷል» አሉ። በዚያ ቀን የተተኮሰው የሌላ ዘመድ ጠመንጃ ነው።

አጎቴ በማታ እንዳስረዳኝ ማካሮቩ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የቀለሃው ውፍረትም ከቤሬታው ጓዳ ይበልጣል። በጉልበት ተመትቶ ቢገባና ቢተኮስ ደግሞ 9.27 የሆነው አረር 9.02 በሆነው አፈሙዝ ውስጥ ተጨምቆ ማለፍ አለበት፤ አረሩ ሲዘገይ ግፊቱ ይጨምራል። ተገላቢጦሹም በጎ አይደለም። አጭሩን ጥይት ማካሮቭ ሽጉጥ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ፤ ይገባል፣ ይተኩሳልም። ነገር ግን ቀለሃው ለጓዳው ስለሚቀጥን ይነፋል ወይም ይሰነጠቃል፤ አረሩም ቦዮቹን በሚገባ ስለማይነክስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

እዚህ ላይ «አጭር ጥይት በረዥም ጓዳ ውስጥ ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ጥይቱ በምን ተይዞ እንደሚቆም በማወቅ ይገኛል። በአብዛኞቹ አውቶማቲክ ሽጉጦች የቀለሃው አፍ በጓዳው ውስጥ ባለች ትንሽ ደረጃ ላይ ያርፋል፤ ጥይቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የምታደርገው ያች ደረጃ ናት። ባለ 17 ሚሊሜትሩ ለ19 ሚሊሜትር በተሠራ ጓዳ ውስጥ ሲገባ ደረጃዋ ጋ ስለማይደርስ፣ ወይ ጠልቆ ይገባና መቺው ሳያገኘው ይቀራል፣ ወይም ቀለሃ አውጪው መንጠቆ ይዞት ያለ ድጋፍ ይተኮሳል።

በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዚያ ጥይት ቀለሃ በቂጡ በኩል ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ በጓዳው ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ቀለሃው ቢያጥርም ቦታውን አይለቅም። ከዚህ የተነሣ አንድ ልዩ የመስማማት ምሳሌ አለ። 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አወጣ። በ1935 ደግሞ በዚያው አረር ስፋት 357 ማግነም የሚባለውን ብርቱ ጥይት አወጣ፤ ግፊቱ እስከ 3,000 ባር ይፈቀዳል፣ የ38ቱ ግን 1,500 ነው። ሠሪዎቹ ብርቱው ጥይት በአሮጌው ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ ሰው እንዳይጎዳ በመፍራት ቀለሃውን ሆን ብለው ከ3 ሚሊሜትር በላይ አስረዘሙት። ስለዚህ በ357 ሽጉጥ 38 ስፔሻል መተኮስ ይቻላል፤ በ38 ሽጉጥ ግን 357 አይገባም። በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው፤ ማስታወቂያ የማያነብ ሰው እንኳ በብረቱ ራሱ ይከለከላልና። የአጭሩ ጥይት ጥላሸት በጓዳው ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ስለሚቀር ግን ረዥሙን ከማስገባት በፊት ማጽዳት ያስፈልጋል።

ደግሞም 38 በውነቱ 38 አይደለም። ነጥብ 38 ኢንች 9.65 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የጥይቱ አረር ግን ነጥብ 357 ኢንች፣ ማለት 9.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በቀድሞው ዘመን የአረሩና የቀለሃው የውጭ ስፋት እኩል ነበር፤ ኋላ አረሩ በቀለሃው ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ጠበበ፣ የድሮው ስም ግን ሳይለወጥ ቀረ። ከዚህም በላይ እንግሊዞች በዌብሊና በኤንፊልድ ሽጉጣቸው የሚጠቀሙበት ሌላ አጭርና ወፈር ያለ 38 ነበር፤ ከስፔሻሉ ጋር አይዛመድም። 7.65 የሚባሉት ሁለት ጥይቶችም እንዲሁ ናቸው፤ የብራውኒንጉ ቀጥ ያለ ባለ 17 ሚሊሜትር ቀለሃ ሲሆን የሉገሩ አንገቱ የጠበበ ጠርሙስ ይመስላል። እነዚህን ግን ማንም አይቶ ስለሚለያቸው ብዙ አያሳስቡም።

የሚያሳስቡት የማይለዩት ናቸው። እስካሁን ያነሣኋቸው ጥይቶች ቢያንስ አንዱ ለሌላው አልገባም ወይም አልተስማማም ይላል። ከዚህ የባሰው ግን ጥይቱ እንደ ወንድሙ ጥይት ልክ ብሎ ገብቶ፣ ሽጉጡም በሚገባ ተዘግቶ፣ ኃይሉ ብቻ የማይመጥን ሲሆን ነው። የጣልያን ጦር በ1910 ግሊሴንቲ የሚባል ሽጉጥ ተቀብሎ ነበር። የግሊሴንቲ ጥይት በመልኩና በርዝመቱ ከፓራቤለም ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የባሩዱ ኃይል እንዲያንስ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ የሽጉጡ አካል ደካማ ነውና። የግራ ጎኑ በሙሉ ተነቃይ ሳንቃ ነው። በዚህ ሽጉጥ ፓራቤለም ማስገባት የሚከለክል ምንም ነገር የለም፤ ዛሬ በየትኛውም አገር በቀላሉ የሚገኘው ጥይት ደግሞ ፓራቤለም ነው። «ገባ እኮ» የሚለው ማስረጃ የሚያጠፋው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የማውዘርም ነገር ይህን ይመስላል። የእንጨት አፎቱ ከኋላው ሲሰካ እንደ ሰደፍ የሚያገለግለውን የጀርመን ማውዘር ሽጉጥ በፎቶግራፍ ያላየ ያለ አይመስለኝም። በ1896 የወጣ ነው፤ ጥይቱም 7.63 ይባላል። ሶቪየቶች በ1930 ገደማ ለቶካሬቭ ሽጉጣቸው ጥይት ሲመርጡ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ ጥይት ነው፤ ስሙን ግን 7.62 አሉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በዓይን መለየት የማይሞከር ነው፤ አንዱ በሌላው ሽጉጥ ውስጥም ይገባል። ሆኖም የቶካሬቭ ጥይት ብዙ ጊዜ ኃይሉ የበረታ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የማውዘር ብረት ላይ መጫን አይገባም። የማውዘሩ ጥይት በቶካሬቭ ሽጉጥ ቢተኮስ ግን ቢበዛ ሽጉጡ ቀለሃውን በሚገባ ሳያወጣ ቢቀር ነው።

ነገሩ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም፤ በጠመንጃ አሳምረው ያውቁት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የታጠቀው አንድ ዓይነት መሣሪያ አልነበረም። ሬሚንግተን ነበረ፣ ቬተርሊ ነበረ፣ ማርቲኒ ነበረ፤ ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ጠመንጃም ነበረ፤ እርሱም በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊሜትር፣ የቬተርሊ 10.4 ሚሊሜትር ነበርና የአንዱን ዝናር ለሌላው ማበደር አይቻልም። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ዘሩን ሳይለይ የሚቀበል ነጋዴ የነበረ አይመስለኝም። እኛ ይህን ዕውቀት የጣልነው መሣሪያው ብርቅ መሆኑ ከቀረ በኋላ፣ ይልቁንም ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት መሣሪያ መምጣት ከጀመረ በኋላ ይመስለኛል፤ በዚያ ጊዜ ማካሮቭ ስለ በዛ ሽጉጥ ሁሉ ማካሮቭ፣ ጥይትም ሁሉ የማካሮቭ እየመሰለ ታየ።

እንግዲህ በቤት ያለውን ጥይት በምን ይለዩታል? የሽጉጡ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በአፈሙዙ ወይም በላይኛው ብረት ጎን ላይ ይጻፋል፤ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን «ኮርቶ» ወይም «ፓራቤለም» የሚለው ቅጽል ከጎኑ መኖር አለበት። ጥይቱ በፋብሪካ ካርቶኑ ውስጥ ካለ 9 በ17፣ 9 በ18 ወይም 9 በ19 የሚል ይገኝበታል። ካርቶኑ ጠፍቶ ቀለሃው ብቻ ሲቀር ግን ቂጡ ላይ ያለውን ቍጥር ማመን አደገኛ ነው። በሶቪየት የጦር ሠራዊት ጥይት ላይ የሚጻፈው የፋብሪካው ቍጥርና የተሠራበት ዓመት እንጂ የጥይቱ ስፋት አይደለም፤ ከፋብሪካዎቹም የአንዱ ቍጥር 38 ነበር! ያን አይቶ ጥይቱን የ38 ሽጉጥ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ዘሩ ያልታወቀ ጥይት ሲገኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መውሰድ ይሻላል፤ የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የተከለከለ ስለሆነ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ አሮጌ ሽጉጥም ካለ መንገዱ ያው ነው።

አጎቴ ከተዝካሩ በኋላ በልዩ ልዩ ጊዜ ያጠራቀማቸውን ሦስት ባዶ ቀለሃዎች ሰጠኝ። በፊዚክስ መምህራችን ፈቃድ በቤተ ሙከራችን ቬርኒየር ለካኋቸው፤ አጭሩ 17.2፣ የማካሮቩ 18.0፣ የፓራቤለሙ 19.1 ሚሊሜትር ሆነው ተገኙ። በእጅ ይዞ ለሚያያቸው ልዩነቱ የአንድ ጥፍር ውፍረት ያህል ነው። ማየት የሚፈልግ ተማሪም ሆነ ወላጅ ቢኖር በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ስማቸውና ልካቸው ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል።